መብራቱ የት ሄደ?

በአዳይቱ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ጤና አጠባበቅ መልካም ነገር አሰምተውናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ቅባትና ዝገት የሚሸት ነው፤ ይኸውም በአሮጌ የእንግሊዝ መኪና ላይ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የጋራዥ ነገር ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ርእሱን ያስመረጠንን ነገር አስቀድመን እንነግራችኋለን።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ሦስት የክበባችን አባሎች ከአንድ የሰፈራችን አባት ጋር በመኪናቸው ከገዋኔ ወደ አዳይቱ እንመለስ ነበር። መኪናዪቱ ከእንግሊዝ አገር የመጣች፣ ከወላጆቻችን ዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ናት። ጊዜው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፤ የቀኑ ሙቀት ግን ከመኪናዋ ብረት ገና አልወጣም። ሁላችሁም እንደምታውቁት ይህ መንገድ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ባለተሳቢ የጭነት መኪናዎች ሌት ተቀን የሚሮጡበት ነው። መኪናችን አንድ ጉድጓድ ስትዘል መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለና የፊቱም የኋላውም ባንድነት ጠፋ። ሞተሩ ግን እንደ ልማዱ ይሠራ ነበር።

አባታችን መኪናዪቱን እንደ ምንም ወደ መንገዱ ዳር አወጡና ሞተሩን አጠፉ። ዳሩ ጠባብ ስለ ነበረ ግማሽ አካሏ አስፋልቱ ላይ ቀረ። አንዳችን በእጅ ስልክ መብራት ከኋላ ቆመን ስናወዛውዝ አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ አጠገባችን አለፈ። የነፋሱ ኀይል መኪናችንን ወዘወዛት። ያን ጊዜ ነው የአንዲት ቀይ መብራት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የገባን።

እኛም «ኤሌክትሪክ ተምረናል» ብለን ኮፋኖውን ከፈትን። ፊውዙ ተቃጥሎ አገኘነው። መለወጫ ስላልነበረን በፊውዙ ቦታ የሽቦ ቁራጭ አስገባንና መብራቱን አበራን። ወዲያው ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። አባታችን ፈጥነው የባትሪውን ካቦ ባይነቅሉት ኖሮ ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። እርሳቸው አልተቈጡንም፤ ዝም ብለው አዩን እንጂ። ዝምታቸው ግን ከቊጣ የባሰ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። አስቀድመው ረዳታቸውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ይዞ ወደ ኋላ ርቆ እንዲቆም ላኩት፤ ከዚያም ወደ እኛ መጡ። መፍቻ ወይም ካቻቢቴ ያወጣሉ ብለን ስንጠብቅ እርሳቸው ግን ወደ አባታችን ዞረው፣

«አባቴ፣ መብራቱ ሲጠፋ ምን አዩ?» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ።»

«መንገዱ ለጥ ያለ ነበር ወይስ ዘላችሁ?»

«ዘለናል።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «እናንተ ልጆች፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ምን ነካችሁ?» አሉን። አፍረን ዝም አልን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉን የሽቦውን ነገር ተናገርን። «ጥሩ፤ ፊውዙ የሞተው እናንተን ለማዳን ነበር፤ እናንተ ግን ዘበኛውን አባርራችሁ ሌባውን አስገባችሁ» አሉና አንድ አምፑል እንድናመጣላቸው አዘዙን። የእርሳቸው መኪና 24 ቮልት፣ የእኛይቱ 12 ቮልት ስለ ሆነች አምፑሉን ከራሷ ከመኪናችን የፍሬን መብራት አወጣን። ሁለት ቁራጭ ሽቦ አሰሩበትና በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ አገናኙት፤ ባትሪውም ተመለሰ። የመብራቱን ማብሪያ ወደ ትንንሾቹ መብራቶች ብቻ ሲያዞሩት በእጃቸው ያለው አምፑል በሙሉ ኀይሉ በራ፤ የመኪናዋ መብራቶች ግን አልበሩም።

«ይኸውላችሁ፣ ኤሌክትሪኩ መብራቶቹ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። አሁን አቋራጩ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?» ብለው ወደ ኋላ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ከመገናኛው ነቀሉት። በዚህ ጊዜ የእጃቸው አምፑል ደከመ፤ የመኪናዋ የፊት ትንንሽ መብራቶች ግን ፈኩ። ስለዚህ ጥፋቱ ከኋላ ነው ማለት ነው። ቀዩን ሽቦ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። ሽቦውን የሚይዘው ማሰሪያ ወድቆ ኖሮ ሽቦው ከሻንሲው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ሽፋኑ ተበልቷል፤ መዳቡም ብረቱን ነክቷል። በናስትሮ ጠቀለሉት፤ በላዩም ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቈረጠ ጎማ አለበሱት። እኛ ያቃጠልነውንም ሽቦ አይተው የቀለጠውን ሸፈኑና በልኩ የሆነ ፊውዝ ሰጡን። መብራቱ በራ። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የገንዘብ ነገር ስናነሣ «ትምህርቱን ለሌላ አስተምሩበት፤ ዋጋዬ እርሱ ነው» ብለው ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ዕዳ ለመክፈል ነው።

ክቡራን ሆይ፤

ያ ሾፌር ያደረጉት ነገር ለእኛ ለዚህ አገር ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በዐፋር ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን ከየት እንደ መጣ፣ በዐይኑ ምን እንዳየ፣ በጆሮው ምን እንደ ሰማ ይጠይቀዋል። ተናጋሪውም ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ያልሆነውን አይጨምርም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ክበባችን የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የኤሌክትሪክን ብልሽት መፈለግ ከሽቦ ጋር ዳጉ መቀመጥ ነው። የሚገምት ሰው ዕቃ ይለውጣል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥፋቱን ያገኛል።

አሁን ስለ መኪናዎቹ ጥቂት እንናገር። የእንግሊዝ መኪና ለኢትዮጵያ የቈየ ወዳጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ሲድሊ የምትባል የእንግሊዝ አውቶሞቢል ይዞ፣ መንገድ በሌለበት በረሓና ተራራ አልፎ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ላንድሮቨር የተባለችው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየች፤ ከዚያም በኋላ በአገራችን ገጠር ሁሉ ታወቀች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በሐዳር ድንቅነሽን ባገኙበት ቀን ከሰፈራቸው ወደ ቦታው የሄዱት በላንድሮቨር ነበር። እንግዲህ የሰው ልጅ ጥንታዊት እናት በዚሁ በአዋሽ ሸለቆአችን ስትገኝ የእንግሊዝ መኪናም በአቅራቢያው ቆማ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ለፈጣን ጉዞ የሚሆኑ፣ ጣሪያቸው የሚከፈት፣ ሁለት ሰው የሚይዙ የስፖርት መኪናዎችም ይሠሩ ነበር። ከነዚህ ዝነኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ የተሠራችው ኤም ጂ ቢ ናት። ዝቅ ያለች ስለ ሆነች ለእኛ ጠጠርና አሸዋ አትሆንም። ነገር ግን የላንድሮቨርና የስፖርት መኪናዪቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙው ከአንድ ቤት፣ በበርሚንግሃም ከተማ ከነበረው ከሉካስ ፋብሪካ የወጣ ነው። ስለዚህ የአንዲቱን ሽቦ ማንበብ የቻለ የሌላዪቱንም ያነባል። ይህ ፋብሪካ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመርከብና የብስክሌት ፋኖስ በመሥራት ስም ያተረፈ ነው። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ግን መብራቱ እየጠፋ ስላስቸገራቸው መሥራቹን ጆሴፍ ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ያስቃል፤ ፍርዱ ግን የተጣደፈ ይመስለናል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት በሙቀትና በአቧራ የኖረ የብረት መገናኛ ከማንም ፋብሪካ ቢወጣ ይዝጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ዕቃውና ዕቃው ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

አንድ የሚያስደስት ነገርም እንጨምር። መኪናዪቱ እንግሊዛዊት ናት፤ አካሏን ግን የምንጠራው ከጣሊያን በወረስነው ስም ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ማሳ እያልን እንሠራለን። እንግዲህ የእንግሊዝ ብረት በጣሊያን ስም ተጠርቶ በኢትዮጵያዊ እጅ ይጠገናል። ከነዚህ ስሞች ሁሉ ለዛሬው ንግግራችን ዋናው «ማሳ» የሚለው ነው። ምክንያቱን እንናገራለን።

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ኤሌክትሪክ ግን እንደ አዋሽ በበረሓ ሊቀር አይችልም። ከባትሪው የወጣ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሄዶ፣ በማብሪያው አልፎ፣ አምፑሉን አብርቶ ተመልሶ ወደ ባትሪው መግባት አለበት። የመመለሻ መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ መሄጃውም ቢከፈት ጉዞው ይቆማል። በመኪና ላይ የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ማሳ የምንለው ይህን ነው። ብዙ ሰው የመሄጃውን ሽቦ ይመረምራል፤ የመመለሻውን ግን ይረሳል።

በላንድሮቨር ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ሻንሲዋ ከብረት፣ አካሏ አብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው። ሁለት ዐይነት ብረታ ብረት ተጣብቀው እርጥበትና ጨው ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላል፤ በመካከላቸውም ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይበቅላል። ይህ ዝገት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ስለዚህ የግራውን ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ቢርገበገብ፣ ወይም ፍሬን ስትረግጡ ሌላ መብራት ቢደክም፣ አምፑሉን ከመለወጣችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ። ኤሌክትሪኩ የራሱ መመለሻ ሲዘጋበት በጎረቤቱ ቤት ሊያልፍ መሞከሩ ነውና።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን የምናውቀው የኦም ሕግ እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል። የ60 ዋት የፊት መብራት ከ12 ቮልት 5 አምፔር ይወስዳል፤ የመከላከል ኀይሉም 2.4 ኦም ነው። ማሳው ዝጎ 0.6 ኦም ቢጨምር ድምሩ 3 ኦም ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ 4 አምፔር ይወርዳል። አምፑሉ የሚያገኘው 9.6 ቮልት ብቻ ነው፤ ኀይሉም ከ60 ዋት ወደ 38 ዋት ገደማ ይወርዳል። ብርሃኑ ከዚያም ይበልጥ ቀንሶ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የቀረው 2.4 ቮልት የት ሄደ? በዛገው መገናኛ ላይ 10 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ መብራት ደክሞ ሳለ ሲነኩት የሚሞቅ መገናኛ ካለ ሌባው እርሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሽቦዎቹ ቀለም እንናገራለን። የእንግሊዝ መኪና ሠሪዎች ለሽቦ የሰጡት ቀለም ፊደል ማለት ነው፤ ፊደሉን የቈጠረ መጽሐፉን ያነባል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ቡናማ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ፣ ያለ ፊውዝ የሚመጣ ነው። ነጭ ሽቦ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል። አረንጓዴ ከነጩ ተነሥቶ በፊውዝ ያለፈ ሲሆን ፍሬቻን፣ የፍሬን መብራትንና የሰሌዳ መለኪያዎችን ያገለግላል። ሐምራዊ ከቡናማው ተነሥቶ በፊውዝ ያለፈ፣ ቁልፍ ሳይዞርም የሚሠራ ነው። ሰማያዊ ለትልልቆቹ የፊት መብራቶች፣ ቀይ ለትንንሾቹና ለኋላዎቹ መብራቶች ነው። ጥቁር ደግሞ ማሳ ነው። በሽቦው ላይ ቀጭን የሁለተኛ ቀለም መስመር ሲኖር ቅርንጫፉን ያመለክታል፤ ለምሳሌ አረንጓዴ ሆኖ ቀይ መስመር ያለው ለግራ ፍሬቻ፣ ነጭ መስመር ያለው ለቀኝ ፍሬቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱና የቤንዚን መለኪያው ባንድ ጊዜ ሲጠፉበት ሦስት ዕቃ ተበላሽቷል አይልም፤ ሦስቱም የሚጠጡበትን አንድ ምንጭ፣ የአረንጓዴውን ፊውዝ ይመለከታል።

የቀለሙ ሕግ ግን የሚሠራው ሰው ሳያበላሸው ነው። መኪናዪቱ በሃምሳ ዓመት ውስጥ በብዙ እጅ አልፋ ከሆነ በቀይ ሽቦ ቦታ ያገኙት ቢጫ ተቀጥሎ ይገኛል። ስለዚህ እናንተም ሽቦ ስትቀጥሉ ቀለሙን ጠብቁ። ካልተገኘም በወረቀት ጽፋችሁ ከሽቦው ጋር እሰሩት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው አስቡ።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ ባትሪው አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያም ጥቂት አልፎ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከማሳ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ይህም ከዛሬዎቹ መኪናዎች ተቃራኒ ነው። ኤም ጂ ቢ ለምሳሌ ወደ ኔጋቲቭ ማሳ የተለወጠችው እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሳይመለከት ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር የሚያስገባ ሰው ዕቃውን ወዲያው ሊያቃጥል ይችላል።

ለፍለጋው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ሁለት ሽቦ የታሰረበት የ12 ቮልት አምፑል፣ አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮና በልካቸው የሆኑ ፊውዞች ይበቃሉ። ስለ ፊውዝም አንድ ነገር እወቁ። በአሮጌዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች ፊውዝ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ ዘወትር ሊሸከም የሚችለው 17 አምፔር ብቻ ነው። በዛሬ ፊውዝ ላይ የሚጻፈው ግን ዘወትር የሚሸከመው ልክ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ቦታ የዛሬውን 35 ማስገባት ዘበኛውን ግማሽ እንቅልፍ ማስተኛት ነው። ሽቦ ማስገባት ምን እንደ ሆነ ደግሞ እኛ አይተነዋል።

ከሥራ በፊት ሰዓትና ቀለበት ማውለቅ፣ ሽቦ ከመቍረጥና ከመቀጠል በፊትም ከባትሪው የማሳውን ካቦ አስቀድሞ መንቀል ይገባል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። ውስጡ ያለው አሲድም ዐይንን ያጠፋል።

እንግዲህ ሕመሞቹን በሦስት ከፍለን እንመልከታቸው።

አንደኛው መቋረጥ ነው። ሽቦ ተበጥሷል፣ መገናኛ ወልቋል ወይም አምፑል ተቃጥሏል። ይህ ሲሆን ዕቃው አይሠራም፤ ፊውዙ ግን ደኅና ነው። አፈላለጉም የፈተና አምፑሉን አንድ ጫፍ በንጹሕ ማሳ ላይ አስሮ፣ በሌላው ጫፍ ከባትሪው ጀምሮ እያንዳንዱን መገናኛ በተራ መንካት ነው። አምፑሉ በበራበት በመጨረሻው ቦታና ባልበራበት በመጀመሪያው ቦታ መካከል ጥፋቱ ይገኛል። መንገዱ ረዥም ከሆነ ከመካከል ጀምሩ፤ አንዲት ፈተና የፍለጋውን ግማሽ ታስቀርላችኋለች።

ሁለተኛው ሾርት ነው። ፊውዝ ይቃጠላል፤ ሲለወጥም እንደገና ይቃጠላል። ይህ በዚያች ሌሊት የደረሰብን ነው፤ አፈላለጉንም ነግረናችኋል። አምፑልን በፊውዝ ቦታ አድርጎ ቅርንጫፎቹን አንድ ባንድ መንቀል፣ አምፑሉ የደከመበትንም ቅርንጫፍ መከተል ነው።

ሦስተኛው ተንኰለኛው ነው፤ ይኸውም መጥፎ ግንኙነት ነው። ሽቦው አልተቈረጠም፣ ፊውዙም አልተቃጠለም፣ ዕቃው ግን በድካም ይሠራል። የሞተሪኖን ነገር ምሳሌ እናድርግ። ቁልፉን ስታዞሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፤ መብራቱ ግን ደኅና ነው። ብዙ ሰው ባትሪ ይገዛል። ሞተሪኖ ሲነሣ 150 አምፔር ያህል ይስባል እንበል። በባትሪው ጫፍ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝገት 0.02 ኦም ቢሆን 3 ቮልት በዚያ ይቀራል፤ ለሞተሪኖው የሚደርሰው 9 ቮልት ብቻ ይሆናል። ያው ዝገት ለትንሽ አምፑል ምንም አይደለም፤ ለሞተሪኖ ግን ግድብ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው የማሳ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ጓደኛችሁ ቁልፉን ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ የማሳውን ካቦ ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ የወረቀቱ ዋጋ ነው።

የኀይል አሞላሉንም በቴስተር መመርመር ይቻላል። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ጠንከር ብሎ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ካልደረሰ በመጀመሪያ ቺንጋው አለመላላቱን፣ ቀጥሎ የዲናሞው ሽቦ አለመውለቁን ተመልከቱ። በድሮው ዐይነት ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ትንሽ ቢበራ አትደንግጡ፤ ጠባዩ ነው። በእኛ አገር ሙቀት ደግሞ የባትሪው ውሃ ቶሎ ይተናል። ዕድሜውንም የሚያሳጥረው ይኸው ሙቀት ነው። ስለዚህ ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ማየትና የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መጨመር ያስፈልጋል፤ የአዋሽ ውሃ ለግመልና ለጥጥ እንጂ ለባትሪ አይሆንም።

ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር በጉዞ ላይ ድንገት ቢጠፋና መብራቱ ደኅና ቢሆን ቁልፉን አዙራችሁ ወደ ቦቢናው የሚመጣውን ነጭ ሽቦ ፈትኑ። ኤሌክትሪክ ካለው ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ከሌለው ከዚያ ወዲያ ያለውን ትመረምራላችሁ። የሚከፈቱትና የሚዘጉት ፑንቲናዎች ክፍተታቸው 0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ይህ የጥቂት ወረቀት ውፍረት ነው። አቧራ ወይም ቃጠሎ ካለባቸው ብልጭታው ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት እናወጣለን። በመጀመሪያ ጠይቅ፤ በመቀጠል ተመልከት፤ ከዚያ ለካ፤ በመጨረሻ ጠግን። ጠግነህም ስታበቃ ጥፋቱ ለምን እንደ ደረሰ ሳታውቅ አትሂድ። ያ ሾፌር ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልለው ብቻ ቢሄዱ ኖሮ የሻንሲው ጠርዝ በሳምንቱ እንደገና ይበላው ነበር። ከመነዳሪ ያለበሱት መንስኤውን ስላወቁ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤

«እነዚህ አሮጌ መኪናዎች እያለቁ ነው፤ ትምህርቱ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው መልስ አለን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኖ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ማስገባት አበረታቷል። እነዚህ አዲሶቹ መኪናዎች በመቶዎች የሚቈጠር ቮልት የሚያሳልፉ ብርቱካንማ ካቦዎች አሏቸው፤ እነርሱን ልዩ ትምህርትና መከላከያ የሌለው ሰው ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም። ነገር ግን በነርሱም ውስጥ መብራቱንና መቈጣጠሪያውን የሚያሠራ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ፊውዝና ማሳ አለ። እርሱ ሲደክም አዲሲቱም መኪና እንደ አሮጊቷ አልነሣም ትላለች። የኦም ሕግ ለአሮጌና ለአዲስ አያዳላም።

ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የኖረው ይኸው በደጃችን የሚያልፈው አዋሽ ነው። ወንዙ ለአገር ብርሃን ሲሰጥ የወንዙ ልጆች ከአንዲት ፊውዝ ፊት በጨለማ ልንቆም አይገባም። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው በዚህ ረዥም መንገድ ላይ በሌሊት መብራት የጠፋበት ሰው እንግዳ ይሁን ዘመድ፣ ከእኛ አንዱን ቢያገኝ ያ ሾፌር ለእኛ እንደ ሆኑልን ልንሆንለት እንፈልጋለን።

ስለዚህ ክበባችን ሁለት ነገር ይለምናችኋል። ከቤታችሁ የወደቀ አሮጌ ዲናሞ፣ የማይሠራ ሞተሪኖ፣ የተነቀለ ሽቦና የመብራት ቤት ቢኖር አትጣሉት፤ ለእኛ ስጡን። በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ የመኪናን ኤሌክትሪክ በሙሉ ዘርግተን ታናናሾቻችን በ12 ቮልት ላይ ያለ ፍርሃት እንዲማሩ እናደርጋለን። ሁለተኛም፣ በመንገድ ላይ የምታውቁት ሾፌር ወይም መካኒክ ካለ አንድ ቀን መጥቶ እንዲያስተምረን ንገሩልን። ከመጽሐፍ ያገኘነው ብዙ ነው፤ በዚያች ሌሊት ያዳነን ግን የሥራ ሰው ዕውቀት ነው።

ዛሬ ማታ በመኪና የምትመለሱ ወላጆቻችንም ሳትነሡ በፊት አንዳችሁ ፍሬን ይርገጥ፣ አንዳችሁ ከኋላ ቆማችሁ ቀዩን መብራት ተመልከቱ። በሰላም ያግባችሁ።